ቀይዋን ነጥብ አትንካት

(ካዛንቺስ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለች ጠባብ መንገድ ላይ፣ ሁለት ሱቆች ግድግዳ ተጋርተው ቆመዋል። አንዱ የጠልሐ የሞባይል ጥገና ነው፤ ሌላው የተካ የፕላስቲክ ዕቃ መሸጫ። ጠልሐ የማያውቀው ነገር የለም፤ የማያውቀውን ሲጠይቁትም ያስረዳል። ሰሞኑን ግን እጮኛው ራሂማ አኩርፋዋለች፤ ስልኩን አታነሳም። «ከሳቀች ታረቀች» ብሎ ራሱን መክሮ፣ እሷ በምትወደው ዘፈን አስቂኝ ክሊፕ ሊሠራላት ቆርጧል። ተዋናዩ ተካ ነው። ተካ ለምሳ ሱቁን ዘግቷል፤ የሱቁ የብረት በር በክሊፑ ውስጥ የራሂማ ደጅ ነው። ስልክ ትሪፖድ ላይ ቆሟል። ክርክሩ ከተጀመረ ቆይቷል።)

ተካ፦ እኔ ጃንጥላውን አልጥልም!

ጠልሐ፦ ጣለው አልኩህ! ዘፈኑ ምን ይላል? «ከደጅሽ ቆሜያለሁ ዝናቡ ይምታኝ» ነው የሚለው። ይምታኝ! ጃንጥላ ይዤ ይምታኝ አለ እንዴ?

ተካ፦ ዘፋኙ ጃንጥላ ስለሌለው ይሆናላ። እኔ ግን ሱቄ ውስጥ ሞልቷል፤ በየቀለሙ።

ጠልሐ፦ ተካ፣ ወንድሜ፣ አፍቃሪ ነህ እኮ! በፍቅር ተቃጥለሃል!

ተካ፦ እ... ለተቃጠለማ ዝናብ ጥሩ ነው። ገባኝ።

ጠልሐ፦ አልገባህም! ስማኝ፤ አስቂኝ ክሊፕ በቃ ሳይንስ ነው። ተመልካቹ ዘፈኑን በደንብ ማወቅ አለበት። ቀጥሎ የሚመጣውን እየጠበቀ ሳለ፣ አንተ ያልጠበቀውን ታመጣበታለህ። ያኔ ፍርስ ይላል።

ተካ፦ እኔም እኮ ጃንጥላ አመጣሁ።

ጠልሐ፦ (እውነት ለመናገር ጃንጥላው ያስቅ ነበር፤ ችግሩ የሱ ሐሳብ አለመሆኑ ነው) እሱ... እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ተካ፦ ጠልሐ፣ ይቺ ስልኬ ላይ ብልጭ ብልጭ የምትለው ቀይ ነጥብ ምንድናት?

ጠልሐ፦ አትንካት!

ተካ፦ አልነካኋትም። አይቼ ነው የጠየቅኩህ።

ጠልሐ፦ ካሜራውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ቀይ ብትሆን፣ አረንጓዴ ብትሆን አንተን አያገባህም። እስክነግርህ እንዳትነካት!

ተካ፦ እሺ፣ በማርያም አልነካትም። ግን ለምን በኔ ስልክ? ስልክ ጠጋኙ አንተ።

ጠልሐ፦ የኔ ስክሪኑ ተሰንጥቋል።

ተካ፦ ለምን አትጠግነውም?

ጠልሐ፦ ደንበኛ ይቀድማል! አሁን ወደ ሥራችን። ቀጥሎ ፊት ነው። ተዋናዩ ከሳቀ ተመልካቹ አይስቅም። አንተ የምርህን ስታለቅስ ነው ሰው የምሩን የሚስቀው። እስቲ አዝነህ አሳየኝ።

ተካ፦ (ፊቱን ያኮሳትራል)

ጠልሐ፦ ይሄ ሐዘን ነው?

ተካ፦ አንዷ ደንበኛ የገዛችውን ባልዲ ስትመልስብኝ እንዲህ ነበር የሆንኩት።

ጠልሐ፦ የፍቅር ሐዘን ነው የምልህ! የባልዲ አይደለም!

ተካ፦ አልገባኝም። አንተ አሳየኝ።

ጠልሐ፦ ሁሉንም ነገር እኔ? እሺ፣ ሙዚቃውን ክፈተው። ልብ ብለህ እየኝ።

(ተካ ስፒከሩን ይከፍታል። ዘፈኑ መንገዱን ይሞላዋል። ጠልሐ የብረቱ በር ፊት አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ እጁን ደረቱ ላይ ጭኖ ይቆማል። ራሂማ ትዝ ትለዋለች። ሳያስበው ፊቱ የእውነት ጭምድድ ይላል።)

ጠልሐ፦ «ከደጅሽ ቆሜያለሁ ዝናቡ ይምታኝ፣ ልቤን ወስደሽብኝ ምን ልብ ቀረልኝ!» ከዚያ ታንኳኳለህ። (በሩን በቡጢ ይደበድባል) ክፈቺልኝ! ኧረ ክፈቺልኝ!

ተካ፦ ቁልፉ እኔ ጋ ነው።

ጠልሐ፦ ምን?

ተካ፦ የሱቁ ቁልፍ። ልክፈትልህ?

ጠልሐ፦ ያ አላህ! በሩ የራሂማ በር ነው አላልኩህም?

ተካ፦ ራሂማ እኔ ሱቅ ውስጥ ምን ትሠራለች?

ጠልሐ፦ አስመስለን ነው፣ ተካ! አስመስለን!

(ለምሳ የወጡ ሁለት የቢሮ ሠራተኞች ቆም ብለው ያያሉ፤ አፋቸውን በእጃቸው ከድነው ያልፋሉ።)

ጠልሐ፦ አየህ? ገና ጃንጥላህን ሲያዩ ሳቁ።

ተካ፦ ይሆናል። ቆይ ግን፣ ራሂማ በምን ምክንያት ነው ያኮረፈችው?

ጠልሐ፦ በምንም! አጎቷ ቤት ምሳ ተጠርተን፣ ኡራኤል ታክሲ ሰልፍ ላይ የገጠማትን ቀልድ እየነገረቻቸው ነበር። አነጋገሯ ልክ አልነበረም፤ ማለቴ፣ ዋናውን ነገር ያለ ቦታው ልታወጣው ሆነ። ስለዚህ ቀደም ብዬ ጨረስኩላት።

ተካ፦ የሷን ቀልድ?

ጠልሐ፦ አሻሽዬ።

ተካ፦ ሰዎቹ ሳቁ?

ጠልሐ፦ ማንም አልሳቀም። አጀማመሩን አበላሽታው ነበራ!

ተካ፦ ታዲያ ለምን ሽማግሌ አትልክም? ወጉ እኮ እሱ ነው።

ጠልሐ፦ ሽማግሌ? በዚህ ዘመን? ሼም ነው ባክህ! ሽማግሌ ገብቶ «አንተም ተው፣ አንቺም ተዪ» ይላል፤ ምሳውን በልቶ ይሄዳል። እኔ የምልከው ቪዲዮ ነው። አንድ ቪዲዮ ስንት ሽማግሌ ያስከነዳል!

ተካ፦ ልክ ነህ። ሽማግሌ ምን ይሠራል።

ጠልሐ፦ ዛሬ ገና ገባህ።

ተካ፦ አንድ ነገር ብቻ። ዘፈኑን ትወደዋለች፤ በምትወደው ነገር ስንቀልድበት አትቀየምም?

ጠልሐ፦ እ... እሱን... ማለቴ፣ እሱ ጋ ገና አልደረስኩም።

ተካ፦ እናቴ ከልጆቿ ሁሉ በኔ ነው የምትቀልደው። ታናሼ ሲሳሳት ዝም ትላለች፤ እኔ ስሳሳት ጎረቤት ትጠራለች። ለምን ስላት «ካልወደዱት ምኑን ያሾፉበታል» አለችኝ።

ጠልሐ፦ እናትህ ስለ ክሊፕ ምን ያውቃሉ? ይልቅ ወደ ዝናቡ! ጀሪካኑን ሞልተኸዋል? ጎሽ። እዚህ ላይ ጊዜው ነው ሁሉ ነገር። ውሃው ከቀደመ ቀልዱ ሞተ፤ ከዘገየም ሞተ። ልክ «ይምታኝ» ሲል፣ ዷ! እዚያችው ላይ።

ተካ፦ ማን ነው የሚያፈሰው?

ጠልሐ፦ እኔ፤ አንተ ላይ።

ተካ፦ አልገባኝም። አንተ ቁምልኝና ጀሪካኑን ይዤ ልለማመደው። ሳላፈስ።

ጠልሐ፦ ሳታፈስ!

ተካ፦ ክዳኑ እንኳ አልተከፈተም፤ ይኸው።

(ዘፈኑ እንደገና ይጀምራል። ጠልሐ በሩን አቅፎ ዓይኑን ይጨፍናል። አሁን ማስተማሩን ረስቶታል፤ ከልቡ ነው የሚዘፍነው። ተካ ከኋላው ጀሪካኑን ከፍ ያደርጋል። «ይምታኝ» ሲል ክዳኑ ይፈናጠራል። ጠልሐ ከአናቱ እስከ ጫማው ይበሰብሳል።)

ጠልሐ፦ ተካ!

ተካ፦ ቀደምኩ እንዴ?

ጠልሐ፦ (ውሃ እየተፋ) ጊዜው... ጊዜው ልክ ነው። ግን...

ተካ፦ እሰይ!

ጠልሐ፦ (ሸሚዙን እየጨመቀ) በቃ፣ ልምምድ አበቃ። አሁን የምር ነው። ሂድና ቀይዋን ነጥብ ንካት!

ተካ፦ ልንካት?

ጠልሐ፦ ንካት እንጂ!

ተካ፦ (ይነካታል) ጠፋች።

ጠልሐ፦ ምን ማለት ጠፋች? መብራት ነበረባት።

ተካ፦ ስትበራ ነበር፣ አሁን ጠፋች። «ቪዲዮው ተቀምጧል» ይላል።

(ጠልሐ ካሜራውን ሲሞክር ቀረጻውን ራሱ እንዳስጀመረው አሁን ትዝ አለው።)

ጠልሐ፦ ከ... ከየት ጀምሮ?

ተካ፦ ከጃንጥላው። አትንካት ብለህ ተቆጣኸኝ፤ አልነካኋትም።

ጠልሐ፦ አጥፋው! ማንም ሳያየው አጥፋው!

ተካ፦ (ስልኩን እየነካካ) ሄደ።

ጠልሐ፦ ጠፋ?

ተካ፦ ሄደ ነው ያልኩህ። ለራሂማ።

ጠልሐ፦ ምን ሆነሃል አንተ ሰው! ሳይቆረጥ? የአጎቷን ቤት ወሬ አውርቻለሁ እኮ! «አሻሽዬ» ብያለሁ! አለቀልኝ! ልቆርጠው ይገባ ነበር!

ተካ፦ አንድ ቀልድ እንኳ አንተ ሳትቆርጠው ይድረሳት ብዬ ነው።

(ጠልሐ መንገዷን ከዳር እስከ ዳር ይመላለስባት ጀመር። ራሂማን ከእንግዲህ አጣኋት ብሎ ደንግጧል። ሲመላለስ ሲመላለስ ሸሚዙ ሊደርቅ ምንም አልቀረው። በመጨረሻ የተካ ስልክ ይንጫረራል፤ የድምፅ መልእክት ነው። ተካ ይከፍተዋል። የራሂማ ሳቅ ብቻ ይሰማል። ልትናገር ትጀምራለች፤ ሳቁ ያሸንፋታል።)

ጠልሐ፦ ሳቀች! ወላሂ ሳቀች! (እንባው ይመጣል) አላልኩህም? ተዋናዩ የምሩን ሲሆን ነው የሚያስቀው!

ተካ፦ ልክ ነህ። እንዳንተ የምሩን የሚሆን ሰው ደግሞ የለም።

ጠልሐ፦ ቆይ... ያ ክዳን...

ተካ፦ ከሱቄ የማይገጥመውን መርጬ ነው ያመጣሁት።

ጠልሐ፦ «አልገባኝም፣ አሳየኝ» ስትለኝ የነበረውስ?

ተካ፦ ገብቶኝ ቢሆን አንተ መቼ ደጅ ትቆም ነበር?

ጠልሐ፦ ማን ነው ይሄን ያስተማረህ?

ተካ፦ የላከችኝ ራሂማ ናት። የሷ ሽማግሌ እኔ ነኝ።

ጠልሐ፦ ሽማግሌ? አንተ?

ተካ፦ ትናንት ሱቄ መጥታ «ሂድልኝ፤ ግን እንዳትመክረው፣ ምክሩን ያርመዋል። አንተ ዝም ብለህ ጠይቀው፤ የቀረውን እሱ ራሱ ይሠራዋል» አለችኝ። ምሳዬን ግን አልበላሁም።

(ስልኩ ይጠራል። ራሂማ ናት። ተካ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለጠልሐ ያቀብለዋል።)

ራሂማ፦ ጠልሐ! ሆዴን እኮ ነው ያመመኝ! ለጓደኛዬ ለአፍራህ እየነገርኳት ነው፤ በሩን አቅፈህ፣ ያ ሁሉ ውሃ ሲወርድብህ፣ ዘጭ ብለህ ስትወድቅ...

(ጠልሐ አልወደቀም። ውሃው ወረደበት እንጂ ቆሞ ነበር፤ ይህ የግድ መታረም አለበት። አፉን ይከፍታል። ተካ ግማሽ የቀረውን ጀሪካን ቀስ ብሎ ያነሳል። ክዳን የለውም። ጠልሐ ጀሪካኑን ያያል፤ አፉን ይዘጋል።)

ጠልሐ፦ እየሰማሁሽ ነው፣ ራሂማ። በይ ጨርሺው።