ቃል ነጣቂው ምክትል ርዕሰ መምህር

አንባቢ ሆይ፣ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ መታገሥ የማይችል አለቃ ገጥሞዎት ያውቃል? አስኮ ሰፈር የማስተምርበት ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር እንዲህ ናቸው። «እንዴት አ…» ስንላቸው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን!» ብለው በር ደርሰዋል።

ሀና የምትባል ተማሪዬ ፊደል ስለሚምታታባት ቀስ ብላ ነው የምታነበው። እሳቸው ቃሉን ከአፏ ይነጥቁና «ይቺ ልጅ ክፍል ትድገም» ይሉኛል።

አንድ ቀን እሷው ባለችበት ድርሰቷን ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩና ብራውዘሩ (የኢንተርኔት መክፈቻው) ጮክ ብሎ እንዲያነብላቸው አደረግሁ።

«ገባኝ፣ ስለ ሰፈሯ ነው» አሉ። ንባቡ ቀጠለ።

«ገባኝ እኮ!» እግራቸው ወለሉን ይደበድባል። ኮምፒውተር መቼ ይሉኝታ ያውቃል? «ማንበብ አቅቶኝ አይደለም፤ የሚጠብቀኝ ሰው አጥቼ ነው» ብሎ ድርሰቷን ጨረሰ።

ሀና አቀረቀረች። የእሳቸው እግር ወለሉን መደብደቡን አቆመ።

«በሉ፣ ክፍል ሳትደግም በዚህ ማንበቢያ እየታገዘች ትማር» አሉኝ በመጨረሻ። «እኔም እኮ ልል የነበረው ይህንኑ ነው።»