ሳትቀንሺ ንገሪው

ዘፋኝ ከሰማይ ዱብ ይላል ብሎ የሚያምን ሰው የዘፋኝ እናት አጋጥማው አታውቅም። የትም አገር ሂዱ፣ የፈለጋችሁት አዳራሽ ግቡ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ የተቀመጠች አንዲት ሴት አትጠፋም። ከበሮ መቺውን በልቶ እንደሆነ ትጠይቃለች፤ የድምፅ ባለሙያውን ትገላምጣለች፤ ልጇ በጭብጨባ ታጅባ ስትወርድ "ቀሚስሽ ከኋላ ተጨማዷል" ብላ ትቀበላታለች። እኔ ከእነዚህ እናቶች ብዙ አይቻለሁ። ክብርት ልብስ ሰፊዋን የምታህል ግን አላየሁም።

ክብርትነታቸው ባላቸውን ቀብረው፣ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅና አንድ የስፌት መኪና ይዘው ነው ሰው አገር የገቡት። ከፎቅ ደረጃ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ተከራይተው ሱሪ ማሳጠርና ዚፕ መቀየር ጀመሩ። ያን ጊዜ ከአገሩ ቋንቋ አንድ ቃል አያውቁም። ልጅቷ ግን ትምህርት ቤት በገባች በዓመቷ አቀላጥፋ ተናገረች፤ ስለዚህ በሰባት ዓመቷ የቤቱ አስተርጓሚ ሆና ተሾመች። ሐኪም ቤት እሷ፣ አከራይ ዘንድ እሷ፣ ደንበኛ ሲቆጣም እሷ።

አንድ ችግር ነበር። ልጅቷ ስትዘፍን ደረጃውን የሚወጣ ሰው ሁሉ ቆሞ ያዳምጣል፤ ስለ ራሷ ተናገሪ ስትባል ግን ድምጿ ከጉሮሮዋ አይወጣም። የቤት ስሟም "ሹክሹክታ" ነበር። እናት ደግሞ ልጃቸውን ለማሞገስ ቦታም ሰዓትም አይመርጡም። ሙገሳው ሁሉ ታዲያ መውጫው በተሞጋሿ አፍ ነው። ጉድ የፈላው እዚህ ላይ ነው።

"ልጅዎ ክፍል ውስጥ አፏን አትከፍትም" አለች አስተማሪዋ አንድ ቀን።

ሹክሹክታ ወደ እናቷ ዞረች። "ደህና ናት ትላለች።"

"ደህና ብቻ? ይቺ ልጅ ቤት ውስጥ ስትዘፍን ጣሪያው ይነሳል በያት። ሳትቀንሺ ንገሪያት!"

ሹክሹክታ ወደ አስተማሪዋ ዞረች። "እናቴ አመሰግናለሁ ትላለች።"

የጣሪያው ነገር በዚሁ ቀረ።

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት አንድ የሠርግ አዳራሽ ሥራ አስኪያጅ ሱሪ ሊያሳጥር መጣ። ክብርትነታቸው በርጩማ ላይ አቆሙት፤ የሱሪውን ጫፍ ዙሪያውን በስፒል ሰኩት፤ መንቀሳቀስ እንደማይችል ካረጋገጡ በኋላ የተረፈውን ስፒል ከአፋቸው አውጥተው ድርድሩን ከፈቱ።

"ይቺ ልጅ አዳራሽህ ውስጥ ከዘፈነች እንግዶችህ ቤታቸው አይሄዱም በይው። ሳትቀንሺ ንገሪው!"

ልጅቷ አቀረቀረች። "እናቴ ሱሪው ሐሙስ ይደርሳል ትላለች።"

"ነገርሽው?"

"ነገርኩት።"

"ታዲያ ምነው ሱሪውን ሱሪውን ያያል?"

አንዷ ስፒል ትንሽ ጠለቅ ሳትል አልቀረችም፤ ሰውዬው "ዋይ!" አለ። እናት ይቅርታም አልጠየቁም። መኪናቸው ላይ ተቀምጠው ፔዳሉን እየረገጡ "በይ፣ ንግግሩ ከከበደሽ ዝፈኚለት" አሉ። እሷም በመኪናው ምት ላይ ዓይኗን ጨፍና ዘፈነች። ስትጨርስ ሰውዬው ከበርጩማው መውረዱን ረስቶ ቆሞ ነበር። ለቅዳሜው ሠርግ፣ በንግግሩና በምሳው መካከል፣ ሁለት ዘፈን ተፈቀደላት። ሐሙስ ዕለት ሲመጣም ሱሪው ተተኩሶ፣ ተሰቅሎ ጠበቀው። ሹክሹክታም እፎይ አለች።

ከዚያ በኋላ ሥራው ቀጠለ፣ ቅነሳውም ቀጠለ። "ማስታወቂያው ላይ ስሟን በትልቁ ጻፍ በይው" ይላሉ እናት፤ "ስም አያስፈልግም ትላለች" ትላለች ልጅ። በዚህ ዓይነት አምስት ዓመት ሙሉ ስሟ "እና ሌሎች" ነበር። ክብርትነታቸው ማስታወቂያዎቹን ሰብስበው ግድግዳው ላይ ለጠፉ፤ "ሌሎች" ከምትለው ቃል ሥር በልብስ ጠመኔ አሰመሩ። ሱሪ ሊያሳጥር የገባ ሁሉ ያቺን መስመር ሳያይ አይወጣም።

አሥራ ስምንት ዓመቷ ላይ አንድ ዘፈን ጻፈች፤ ከደረጃው ሥር ስላለችው ክፍል፣ ስለዚያች የስፌት መኪና። አንድ የሙዚቃ አሳታሚ ሰምቶ አስጠራት። እናትና ልጅ ቢሮው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። "ዘፈኑን ወደነዋል" አለ ሰውዬው። "ስም ያላት ዘፋኝ ትጫወተዋለች። አንቺ ከኋላ ትቀበያታለሽ።" ውሉን ገፋ አድርጎ አቀረበላት።

"ምን አለ?" አሉ እናት።

"ወደውታል። ይወስዱታል።"

"ማን ይዘፍነዋል?"

ሹክሹክታ ዓይኗን ውሉ ላይ ተከለች። አሁን ዝም ካለች ያቺ ክፍል የሌላ ሴት ዘፈን ሆና ትቀራለች፤ እሷም ዕድሜ ልኳን "እና ሌሎች"።

እናት በዚህ ጊዜ አልጮኹም። "ከልጄ ሌላ ማንም አይዘፍነውም በይው" አሉ ቀስ ብለው። "አደራ፣ ሳትቀንሺ።"

ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ ያረፉትን የእናቷን እጆች አየች። የጣቶቻቸው ጫፍ በመርፌ ተበሳስቷል። ወደ ሰውዬው ዞረችና "ይሄን ዘፈን ከእኔ ሌላ ማንም አይዘፍነውም" አለች።

"እናትሽ ናቸው እንዲህ የሚሉት?"

"አይ፣ እኔ ነኝ።"

አሳታሚው ውሉን መልሶ መሳቢያው ውስጥ ከተተ። ሁለት ሳምንት ስልክ አልተደወለም፤ እናት ዚፕ ቀየሩ፣ ልጅ ጥፍሯን በላች። በሦስተኛው ሳምንት ተደወለ። ባለስሟ ዘፋኝ ተመሳሳይ ዘፈን ተጽፎላት ሞክራ ነበር አሉ፤ ያ የመኪና ምት ግን አልያዝላት ብሎ ትታዋለች፤ ዘፈኑን ሹክሹክታ ራሷ ቀዳችው። ዛሬ የሹክሹክታን ዘፈን የአውቶቡስ ሹፌሮች ያፏጩታል፤ ግጥሙን የማያውቅ ሕፃን የለም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዘፋኟ እናቷን ለመጠየቅ መጥታ በሩ ላይ ደረቀች። እናቷ ስልክ ላይ ናቸው። ያንኑ የአዳራሽ ሥራ አስኪያጅ ስለ አዲሱ ማስታወቂያ የፊደል መጠን በአገሩ ቋንቋ፣ ከነቀልዱ፣ ከነተረቱ ልክ ልኩን እየነገሩት ነው።

"እማዬ! ከመቼ ጀምሮ ነው ቋንቋውን የምትሰሚው?"

ክብርትነታቸው ስልኩን አስቀመጡ። እፍረት ብሎ ነገር የለም። "ያ ሱሪ ሐሙስ እንዲደርስ ማን ይመስልሻል የነገረኝ? አንቺ ነግረሽኛል? ሁለት ቀሚስ ወደ ኋላ ገፍቼ ነው ያደረስኩት፣ ልጄን ውሸታም እንዳይላት።"

"ታዲያ ለምን አንቺው አልተናገርሽም?"

"እኔ ብናገርልሽ የማን አፍ ሊፈታ ነው?"

ዘፋኟ ግድግዳውን፣ ያንን የጠመኔ መስመር ሁሉ አየችና እዚያው በርጩማው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ምን ያህል ጊዜ ጠብቃኛለች፣ እያለች።

ባለፈው ወር በዚያው አዳራሽ ዘፈነች፤ ከእሷ ሌላ የማንም ስም ማስታወቂያው ላይ አልነበረም። በመጨረሻ ሙዚቃውን አስቆመች። "ከፊት የተቀመጠችው እናቴ ናት" አለች በአገሩ ቋንቋ። "ሳልቀንስ ልንገራችሁ። ይሄን ድምፅ ያወጣችው እሷ ናት። እኔ ስቀንስ እሷ እያወቀች ታገሠችኝ። እንደ እሷ ያለ ሰው የለም።"

አዳራሹ በሙሉ ተነሣ። ክብርትነታቸው ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ፣ አጠገባቸው ወደተቀመጠው ሥራ አስኪያጅ ዘንበል አሉ።

"ምን አለች?"

ሰውዬው ያውቃቸዋል፤ ሳይቀንስ ነገራቸው።

"አልሰማሁህም" አሉት ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ "እስቲ ድገምልኝ።"