ከሳሁ ባዩ ጋሼ ወርቁ

«ከሳሁ» እያለ የሚጨነቅ ወፍራም ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ በጣልያን ጊዜ ሸዋ ሮቢት ላይ እንዲህ ያለ ጎረቤት ነበረኝ። ጋሼ ወርቁ በር የሚገቡት በጎናቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ጠላት ከገባ ወዲህ ሥጋዬ አለቀ እያሉ ሲሰጉ ይውላሉ። ቀበቷቸው ሲጠባቸው እንኳ፣ ቆዳው በቆላው ሙቀት ተኮማትሮ ነው ይላሉ።

አንድ ቀን ለአርበኞች ስንቅ የሚያቀብለውን ሰው የሚያስሱ ባንዶች ግቢያቸው ገቡ። እኔና ጋሼ ወርቁ የቆምነው ለአርበኞቹ የሚላከው ማሽላ ከተቀበረበት ጉድጓድ ላይ ነበር።

«አገሩ ተርቦ አንተ በምን ወፈርህ? እህሉን የት ደበቅኸው?» አላቸው የባንዶቹ አለቃ።

«እኔ ወፍሬ? በማርያም ልጄ፣ አጥንቴ አይታይህም?» ብለው ኩታቸውን ገልጠው ሆዳቸውን አሳዩት። እንባቸው መጣ።

አለቃው ከላይ እስከ ታች አያቸው። ከዚያ አንዱ ሳቀ፤ ሁሉም ሳቁ፤ «ይሄማ የለየለት እብድ ነው» ብለው ሄዱ።

እኔ እዚያው ዘጭ ብዬ ተቀመጥሁ። ጋሼ ወርቁ ግን በሩን በቅሬታ እያዩ፣ «ሰው እንዴት ቢጨክን ነው በከሳ ሰው የሚስቀው?» አሉኝ።