ያልበቃችው ችግኝ

እንሰት የሚዛወረው በየካቲት ነው። ቀደም ብሎ የተነቀለ ፀሐይ ይመታዋል፤ የዘገየውን ደግሞ ዝናቡ ሥሩን ያበሰብስበታል። ጋሽ ዘበርጋ ይህን ከአባታቸው ተምረው ሃምሳ ዓመት ሠርተውበታል። በዚያ ዓመትም የካቲት በባተ በሦስተኛው ቀን መቆፈሪያቸውን ጠግነው፣ ቢላቸውን ስለው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ልጃቸው ወይንሸት የመጣችው በዚያ ቀን ነው።

የጉራጌ ልጅ አገሩ የሚገባው ለመስቀል ነው። በየካቲት የሚመጣ ወይ ቀብር አለበት ወይ ሙግት። ስለዚህ ወይንሸት ሻንጣዋን እየጎተተች በጀፎሮው፣ በየቤቱ ደጅ በተዘረጋው ሰፊ የሣር መንገድ፣ ስታልፍ ያላያት ሰው አልነበረም። ሌላው አይቶ ዝም አለ። ጎረቤታቸው እትዬ ብርቄ ግን አይታ ዝም ማለት አልፈጠረባትም።

«ዘንድሮ መስቀል በየካቲት ዋለ እንዴ?» አለቻት፣ ጉንጯን ስማ ስትጨርስ።

«ፈቃድ ያገኘሁት አሁን ስለሆነ ነው፣ እትዬ።»

«እሰይ። ፈቃድ የሚሰጥ አይጥፋ» አለችና አንድ ዓይኗን ወደ ጋሽ ዘበርጋ ደጅ ጣል አድርጋ መንገዷን ቀጠለች።

ወይንሸት ባሕር ማዶ ሄዳ የተማረችው ስለ አፈር ነው። የሄደችበትን አገር ስም መንደሩ በሦስት ዓይነት ይጠራዋል፤ ሦስቱም ልክ አይደሉም። ሁለት ዓመት ተማረች፣ ሁለት ዓመት በጊዜያዊ ወረቀት ሠራች፤ አሁን ደግሞ ለቋሚ ነዋሪነት ማመልከት እንደምትችል የሚገልጽ ደብዳቤ ደርሷታል። ለዕድሜዋ ነጥብ ሰጥተዋታል፣ ለቋንቋዋ ነጥብ፣ እዚያው ለመማሯ ነጥብ፣ ለሥራዋ ነጥብ፤ ድምሩ ከሚፈለገው አልፏል። ቅጹን ሞልታ ጨርሳ ስልኳ ውስጥ ይዛዋለች። የቀረው አንድ ጊዜ በጣት መንካት ነው፤ ለዚያም አሥራ ሁለት ቀን ቀርቷታል።

ጣቷን የያዛት አባቷ ናቸው። እናቷ የሞተችው ወይንሸት ስምንተኛ ክፍል ሳለች ነው፤ ከእሷ ሌላ ልጅ የላቸውም። «አባዬ ተቀመጪ ካለኝ እቀመጣለሁ» ብላ ለራሷ ቃል ገብታ ነው የመጣችው። ለመጠየቅ ግን አፏ አልታዘዝ አላት።

ጋሽ ዘበርጋም አልጠየቋትም። አያውቁም ማለት ግን አይደለም። አዲስ አበባ ያለው የወንድማቸው ልጅ ወሬውን ለማንም እንዳይነግር በወይንሸት ተለምኖ፣ በማግስቱ ደውሎ ነግሯቸዋል። ሰውየው ሰምተው «እህ» አሉና ስለ ጤፍ ዋጋ ጠየቁት።

በማግስቱ ጠዋት ቢላውን አቀበሏት። «እንሰት ላዛውር ነው። እጅሽ ካልረሳ አግዢኝ» አሉ።

በዚያ አገር ደንብ መትከል የወንድ፣ ለቆጮ መፋቅ የሴት ሥራ ነው። ጋሽ ዘበርጋ ግን ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ሁለቱንም ያስተማሯት እሷን ነው። ከቤቱ ጀርባ ዞረው፣ ትልልቆቹን እንሰቶች አልፈው፣ ጥግ ላይ ወዳለው የችግኝ ቦታ ደረሱ። ዐምና እዚያ አንዲት እንሰት ቀብረዋል። ለቆጮ ሳትደርስ ነው የነቀሏት፤ ግንዷን ቆርጠው አምቾዋን፣ ማለትም ያንን ክብ ወፍራም ሥሯን፣ ከነነፍሱ መሬት መለሱት። ከመቅበራቸው በፊት ግን መሐሉን በቢላ ፈልፍለው ልቧን አውጥተዋል። በባዶው ቦታ የጡጫ ያህል ድንጋይ አስገብተዋል። አሁን ከዳር እስከ ዳር ወደ አርባ የሚጠጉ ችግኞች ከቧታል።

«ድንጋዩ ግን ለምንድን ነው?» አለች ወይንሸት። ልጅ ሳለች ስታየው ኖራ፣ አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም።

«ቦታውን እንዲይዝ ነዋ። ልቧ የወጣ እናት ድንጋይ ካልያዘች መልሳ ልብ ታበቅላለች። ልብ ካበቀለች ደግሞ ልጅ አትለቅም፤ ሁሉንም ለራሷ ትስበዋለች።»

«የአፈር መጽሐፍ ላይ ይሄ የለም።»

«መጽሐፉን የጻፈው እንሰት አልተከለማ።»

ሥራው ቀስ ያለ ነው። በየቀኑ ሦስት አራት ችግኝ ይመርጣሉ፤ አንገቷን ይዘው ይነቀንቋታል፣ የራሷን ሥር ማውጣቷን ይፈትሻሉ፣ ከዚያ ከእናቷ ላይ በቢላ ይለዩአታል። ጋሽ ዘበርጋ ሲመርጡ የሚያዩት ነገር ብዙ ነው። ዕድሜዋን፣ ውፍረቷን፣ ብቻዋን ስንት ሥር እንዳላት ያያሉ። የቅጠል ብዛት አይቆጥሩም፤ ቅጠል ማንም ያወጣል ይላሉ። ወይንሸት ከጎናቸው ቁጢጥ ብላ ይህን ስትሰማ፣ ሌላ ቦታ በሌላ ቋንቋ የሞላችው ቅጽ ትዝ ይላትና ወደ መሬት ታቀረቅራለች።

በመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር ልብ አለች። ከሁሉም የምትበልጠው፣ ከድንጋዩ አጠገብ መሐል ላይ የቆመችው ችግኝ፣ አልተነካችም። አባቷ እጃቸው እሷ ጋ ሲደርስ ይዘላታል። በሁለተኛውም ቀን ዘለሏት። በሦስተኛው ቀን ወይንሸት አንገቷን ይዛ ነቀነቀቻት።

«እሷ ትቆይ። አልበቃችም» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

የተለየች ችግኝ ከመተከሏ በፊት ትላጫለች። ቅጠሎቿ በሙሉ ይቆረጣሉ፣ የሥሯ ጫፍም ይከረከማል፤ መሐል ላይ የተጠቀለለው ለጋ ብቻ ይቀራል። ወይንሸት ሁሉንም እንደተባለችው ላጨች። አንዷን ግን፣ ቅጠሏ ሰፊና ወዙ የሚያበራ ስለነበረ፣ አሳዘነቻት። አባቷ ጀርባቸውን ሲሰጡ ከነቅጠሏ ተከለቻት፤ ውኃም ከሌሎቹ እጥፍ አጠጣቻት። አራት ዓመት ሙሉ የአፈር እርጥበት ስትለካ የኖረች ሴት ናት፤ አንድ ችግኝ በውኃ ማቆየት አያቅታትም መሰላት።

በአራተኛው ቀን ከአዲሱ መደብ ላይ የተላጩት ሁሉ ቀጥ ብለው ሲቆሙ፣ ያቺ ባለ ቅጠል ችግኝ አንገቷን ደፍታ፣ ጠርዟ ተቃጥሎ ተገኘች። ጋሽ ዘበርጋ አይተው አልተቆጡም። ጎንበስ ብለው በሁለት ጣት ነካ አደረጓት።

«አዲስ ሥር እስክታወጣ ያንን ሁሉ ቅጠል በምን ትቀልበዋለች?» አሉ። «ያላት አንዲት ነፍስ ናት። የድሮዋን ቅጠል ስታስታምም አዲሱ ቦታ ሳይቀበላት ቀረ።»

«አሁን ቢላጭስ?»

«አሁንማ ሊጸድቅም ላይጸድቅም ይችላል። ሞክሪው።»

ላጨቻት። እየላጨች አለቀሰች፤ ለምን እንደሆነ እሷም አባቷም ያውቃሉ። ሁለቱም ግን የሚያወሩት ስለ ችግኝ ስለነበረ፣ ጋሽ ዘበርጋ ጭቃ የነካ መዳፋቸውን ትከሻዋ ላይ አሳርፈው ትንሽ ቆዩና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በሰባተኛው ቀን እትዬ ብርቄ ለእርዳታ መጣች። በእርግጥ የመጣችው ወሬው ከምን እንደደረሰ ልታይ ነው፤ እጇ ግን ሥራ አይፈታም። ከትልልቆቹ አንዷን እንሰት ለመፋቅ ተቀምጣ ወሬዋን ጀመረች።

«ጋሽ ዘበርጋ፣ መሐል ላይ ያለችውን ለምን ተዉአት?»

«አልበቃችም።»

«ኧረ ከበቃች ሰንብታለች። ይልቅ የቆመችበት ጠቧታል» አለችና፣ መልስ ሳትጠብቅ ወደ ወይንሸት ዞረች። «ሦስት ጊዜ ነው የምትዛወረው። መጀመሪያ ተጠጋግታ፣ ቀጥሎ ሰፋ ብላ፣ በመጨረሻ የራሷን ቦታ ይዛ። ያኔ ምን ይጎድልባታል? የቤቱ ፍግ በየጠዋቱ ይደርሳታል። ጥላ አያጠላባትም። ዛሬ ልነቀል ነገ ብላ አትሰጋም። ስትታመም እንኳ ባለቤት አላት።»

«ደግ ነዋ» አለች ወይንሸት።

«ደግ ነው። አንድ ነገር ብቻ አለ። እንሰት የሚፋቀው በቆመበት ጓሮ ነው፤ በበቀለበት አይደለም።»

ወይንሸት ቢላዋን አስቀመጠች። «ቆጮው ግን በቅጠል ተጠቅልሎ የትም ይላካል፣ እትዬ።»

«ይላካል። መች ጠፋኝ፤ እኔም የሚላክልኝ አለኝ» አለች እትዬ ብርቄ፣ መፋቋን ሳታቆም። «ጥላው ግን አይላክም።»

ጋሽ ዘበርጋ የሰሙ አይመስሉም ነበር፤ በዚያን ቀን ግን አንዲት ችግኝ ሁለት ጊዜ ተክለው ሁለት ጊዜ ነቀሏት።

በዘጠነኛው ቀን ወይንሸት ያሰበችውን በዘወርዋራ ጠየቀች። ቅጹ ላይ የቋሚ ነዋሪ ጥቅሞች ተዘርዝረዋል፤ ከእነሱም አንዱ ውሎ አድሮ ወላጅን ማስመጣት ነው። ይህን አንብባ ስንት ቀን ልቧ አርፎ ነበር።

«አባዬ፣ ትልቅ እንሰት ማዛወር አይቻልም? ከነአፈሩ፣ ተጠንቅቀው ቢያነሱት?»

ጋሽ ዘበርጋ ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ አጥሩ ዳር አመለከቱ። እዚያ አንዲት ያረጀች እንሰት ጫፏ ላይ ወደ ታች ያዘነበለ ትልቅ አበባ አንጠልጥላ ቆማለች። እንሰት አንዴ ካበበ ለቆጮ አይሆንም፤ ዘሩን ጥሎ በቆመበት ይደርቃል። እንድታብብ የተዉአት እሳቸው ናቸው፤ ሚስታቸው በሞተችበት ዓመት አብራቸው የተከለቻት ስለሆነች መቁረጫ እጅ አጡ ይባላል።

«ያበበ አይዛወርም» አሉ። «አይከፋውም። ዘሩ የት እንደወደቀ ካወቀ ይበቃዋል።»

ወይንሸት ዘወር ብላ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ወዲያ እሷም ስለ ትልቅ እንሰት አላነሳችም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ችግኝ ቦታው ባዶ ሊሆን አንዲት ቀርቶት ነበር። ሌላው ሁሉ ተለይቶ፣ ተላጭቶ፣ በአዲሱ መደብ ላይ ተሰልፏል። ያቺ የደረቀችው እንኳ ከመሐሏ የጣት ጥፍር የምታህል አረንጓዴ ነገር ብቅ አድርጋለች። መሐሉ ላይ ግን ያቺ ትልቋ ችግኝ ብቻዋን ቆማለች። የእናቲቱ አምቾ ከሥሯ ጠቁሮ፣ ረጥቦ፣ አፈር ለመሆን ጥቂት ቀርቶታል።

ወይንሸት ቢላውን ይዛ ቆመች። አባቷ ችግኝ ቦታው ዳር ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ። ያቺን ችግኝ ለምን እንደዘለሏት አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ስታውቅ ቆይታለች። እሳቸውም ማወቋን ያውቃሉ።

«አባዬ፣ ይቺን ልለያት ወይስ ትቆይ?»

ከጀፎሮው ማዶ የሰው ጥጃ ሲጮህ ተሰማ። ጋሽ ዘበርጋ እጃቸውን ወደ ችግኟ ዘርግተው፣ እንደማንኛዋም ችግኝ አንገቷን ይዘው ነቀነቁ፤ ሥሯን በጣታቸው ዳሰሱ። ቸኩለው አልነበረም። እንዲያውም ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ እሷ ላይ ቆዩ።

«ብርቄ እውነቷን ነው» አሉ። «ከበቃች ሰንብታለች። አልበቃችም ያልኩሽ እኔ ስላልበቃሁ ነው። ለዪያት።»

ለየቻት። ማንም ሳይነግራት ቅጠሏን አንድ በአንድ ላጨች፤ አንዱንም አላስቀረችም። ሥሯን ከርክማ፣ በሁለት እጇ ታቅፋ ወስዳ፣ በአዲሱ መደብ መጨረሻ ላይ ሰፋ ካለው ቦታ ተከለቻት። አባቷ ከኋላዋ መጥተው አፈሩን በእግራቸው ረገጥ ረገጥ አደረጉላት።

«አሁን ኔትወርክ የሚይዝበት ዳገት ድረስ ወጥቼ እመጣለሁ» አለች።

«ውጪ። ፀሐይ ሳይጠነክር ግን።» ከዚያም ጨመሩ፤ «ይጽደቅልሽ።»

ቢላውን ልታነሳ ወደ ባዶው ጉድጓድ ተመለሰች። አምቾዋ ቢላው ሲነካት እንደ ጭቃ ተናደች፤ ከመሐሏም ያ የጡጫ ያህል ድንጋይ ወጣ። ዓመት ሙሉ ከልብ ቦታ ተቀምጦ ለስልሷል። ወይንሸት አፈሩን በቀሚሷ ጠርጋ ድንጋዩን መዳፏ ላይ አገላበጠችው። ከባድ አልነበረም፤ ሻንጣዋ ውስጥ በካልሲ ቢጠቀለል ቦታ አይፈጅም። እዚያ ማዶ መስኮት ላይ ታስቀምጠዋለች።

«አባዬ፣ ይሄን ለማስታወሻ ልውሰደው?»

ጋሽ ዘበርጋ ድንጋዩን አዩት፣ ከዚያ እሷን አዩዋት፤ እጃቸውንም ዘረጉ።

«ሌላ የፈለግሽውን ውሰጂ፣ ልጄ። ድንጋዩን ግን ለእኔ ተዪልኝ፤ ገና ሥራ አለበት።»