የባትሪዬን ሌባ ይዣለሁ

ዛሬ የደረሰብኝን ከጎረቤቶቼ ከምትሰሙት እኔው ብነግራችሁ ይሻላል። በቪዲዮ የቀረጸኝ ሰው ሳይኖር አይቀርም።

ባለፈው ሳምንት የለጠፍኩትን ታስታውሳላችሁ? «መኪናውን የሚያስገፋ ሾፌር ሰነፍ ሾፌር ነው» ብዬ ነበር። ብዙዎቻችሁ ላይክ አደረጋችሁ።

ዛሬ ጠዋት መኪናዬን አሥራ አንድ ሰው ገፋት። ከልደታ ማርያም ነጠላቸውን እንዳጣፉ የተመለሱ ጎረቤቶቼ ሳይቀሩ ገፏት።

አልተነሳችም!

አዲስ ለሆናችሁ፣ የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። አንድ የጭነት መኪና አለችኝ። ራሴ እነዳታለሁ፣ ራሴ እጠግናታለሁ፤ ጋራዥ አስገብቻት አላውቅም። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም፤ ከተበላሹ መኪኖች ስር ተኝቼ ነው የተማርኩት። ይህንን ለልጆቼ ምሳ ላይም እራት ላይም ስነግራቸው ኖሬያለሁ። እነሱም ሰምተውኛል። ምርጫ አልነበራቸውም።

ሁለቱ ወንዶች ቀደም ብለው ወጥተዋል። እናታቸው ካረፈች አራት ዓመት ሆነ። ቤት የቀረችኝ የመጨረሻዋ፣ ሰላም ነበረች። ሰላም ኤሌክትሪሻን ናት፤ ኮሌጅ ገብታ የተማረች፣ ወረቀት ያላት። ዛሬ እሷም ዕቃዋን ይዛ ጀሞ ወደተከራየችው ቤት የምትገባበት ቀን ነበር።

ዕቃውን የምጭነው እኔ ነኝ። መኪና ልከራይ ስትል «አባትሽ ሞቷል እንዴ?» ብያት ነበር።

ስለዚህ ነገሩ የባትሪ ብቻ አልነበረም።

የጀመረው ሰኞ ነው። ቁልፉን ሳዞር ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ «ጠቅ» ብሎ ዝም አለ። መኪናዬ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ባትሪዎች አሏት፤ ሞተሩን የሚያስነሱት ተያይዘው፣ አንድ ላይ ነው። መለኪያዬን አውጥቼ ሁለቱን አንድ ላይ ለካሁ። ወርደዋል። ወስጄ አስሞላኋቸው። ማክሰኞ ተነሳች፤ ደስ ብሎኝ መልሼ አቆምኳት። አርብ እንደገና «ጠቅ»።

አንድ ነገር ኃይል እየሰረቀኝ ነው ማለት ነው። ማን ይሆን?

ራሴን የመጠርጠር ልማድ የለኝም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ባትሪ ሻጩን ነው። ሱቁ ድረስ ሄጄ፣ ደንበኞቹ ፊት ስለ ታማኝነት ሩብ ሰዓት ያህል አስተማርኩት። ሰውየው ጨዋ ነው፤ እስክጨርስ ቆሞ አዳመጠኝ። ከዚያ ባትሪዎቹን የሚሞላውን ዲናሞ ጠረጠርኩ። ፈታሁት፣ ተሸክሜው ሄድኩ፣ አስፈተሽኩት። ምንም አልሆነም። ተሸክሜው ተመለስኩ።

ዛሬ ማለዳ ጋቢና ውስጥ ስገባ ግን ማስረጃ አገኘሁ!

ወንበሩ ወደ ኋላ ተንጋሏል። የሬዲዮው መክፈቻ እንደዞረ ቀርቷል። እኔ አንዳንዴ ገብቼ አምስት ደቂቃ ዜና እሰማለሁ፣ አልክድም። አምስት ደቂቃ ግን ባትሪ አይገድልም። ወንበር ማንጋለልማ የኔ ጸባይ አይደለም፤ ቀጥ ብዬ ነው የምቀመጠው።

የመኪናዋ ተጠባባቂ ቁልፍ ያለው ደግሞ የግቢያችን ጠባቂ ጉደታ ዘንድ ነው።

ገባችሁ አይደል? ለኔም ወዲያው ገባኝ።

ገፊዎቹ ላባቸውን እየጠረጉ ነው። የሰላም ፍራሽ፣ ቁምሳጥን፣ ፍሪጅ፣ ሁሉም ግቢው መሀል ተደርድሯል። እኔ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጉደታን ጠርቼ፣ የሰው ንብረት አደራ እንደሆነ፣ የሰው ሬዲዮ መስማትም ስርቆት እንደሆነ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ መከርኩት።

ጉደታ ቆቡን አወለቀ። መልስ መስጠት አልፈለገም ነበር። እኔ ነኝ «ተናገር እንጂ!» ያልኩት።

«እርስዎ ነዎት እኮ ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ።

«እኔ ምን?»

«በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ይገባሉ። ሬዲዮውን ከፍተው ጋደም ይላሉ። እንቅልፍ ይወስድዎታል። ሊመሽ ሲል መስኮቱን የማንኳኳው እኔ ነኝ። ቤትዎ ይግቡ፣ ብርድ ነው እያልኩ።»

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ በዚህ ገጽ ስለ ሐቀኝነት ስንት ጊዜ ጽፌያለሁ። መስኮቱ ሲንኳኳ አስታውሳለሁ። ያሳለፍኩትን ሰዓት ግን ለራሴም አምስት ደቂቃ እያልኩ ነበር የምነግረው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጭነት የለም። ሰላም ሥራ ላይ ትውላለች፤ ማታ ስትመጣ ዕቃዋን ካርቶን ውስጥ ትከታለች። ከሰዓት በኋላ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የፍሪጁ ድምፅ ብቻ ነው። እሱም የሷ ፍሪጅ ነው።

ጋቢና ውስጥ ግን ሰው ያወራል።

ሰላም ሰምታለች። ፊቴን አላየችም፤ እግዜር ይስጣት። መለኪያዋን ይዛ ባትሪዎቹ ጋ ቁጢጥ አለችና «አባዬ፣ ለየብቻ ለክተሃቸዋል?» አለችኝ።

አልለካሁም። እኔ ከመኪና ስር ተኝቼ የተማርኩት ሰውዬ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ብቻ ነበር የለካሁት።

ለካች። አንዱ ባትሪ ደህና ነው። ሌላው ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ከባዶው ባትሪ የወጣች አንዲት ቀጭን ቀይ ሽቦ በጣቷ ተከተለች። ሽቦዋ በወለሉ ስር አልፋ ሬዲዮው ጀርባ ገባች። የማን ሥራ እንደሆነ መናገር ያስፈልጋል? ሬዲዮው የትንሽ መኪና ስለሆነ የሚበቃው የአንድ ባትሪ ኃይል ነው። እኔም ከአንዱ ብቻ ቀጠልኩለት። ያለ ቁልፍም እንዲሠራ ብዬ በቀጥታ አሰርኩት። ብልሃት መስሎኝ!

ያኔ ሰላም ተማሪ ነበረች። «አባዬ፣ አንዱ ብቻውን ይደክማል፤ ዲናሞውም እኩል አይሞላቸውም» ብላኝ ነበር። እኔም አንቺ ሳትወለጂ ሽቦ ስቀጥል ነበር አልኳት። ለሦስት ቀን አኮረፍኳት።

ዛሬ ያንን አላነሳችም። «ከላይ ሲታዩ እኮ እኩል ናቸው» ብቻ አለች፣ ባትሪዎቹን እያየች።

ከዚያ የጎረቤታችንን ትንሽ አውቶሞቢል አስጠጋች፣ ኬብል አመጣች፣ የደከመውን ባትሪ ለብቻው አገናኘችው። ትንሽ ጠበቅን። «አሁን አስነሳት» አለችኝ።

እዚህ ላይ ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ይመጣል።

ቁልፉን ይዤ፣ እንዳትነሳ ተመኘሁ። አርብም «ጠቅ» ብላ ዝም ስትል ተናድጄ ነበር፤ ከንዴቱ ስር ግን ደስ ብሎኝ ነበር። መኪናዋ ካልተነሳች ሰላም አንድ ቀን ታድራለች አልኩ በሆዴ። ለልጆቼ ራሳችሁን ቻሉ እያልኩ ያሳደግኩት ሰው እኔ ነኝ። ሲችሉ ምን እንደማደርግ አላሰብኩበትም ነበር።

ቁልፉን አዞርኩት። በአንድ ጊዜ ተነሳች።

ጎረቤት አጨበጨበ። ዕቃው ሲጫን ጉደታን ጠርቼ፣ በሰው ፊት እንዳዋረድኩት በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቅኩት።

«ኧረ ግድ የለም ጋሼ» አለኝ። «እኔም ዜናውን በር ላይ ሆኜ ነበር የምሰማው። ትንሽ ድምፁን ይጨምሩት ልልዎት እያልኩ ነበር።»

ጀሞ ወሰድኳት። ዕቃውን አወረድን፤ ፍሪጁን ራሴ ሰካሁላት። ልሰናበት ስል ሰላም ጋቢና ገብታ ቀይ ሽቦዋን ቆረጠች፣ ሬዲዮውን ነቅላ በፌስታል ሰጠችኝ።

«ይሄን ቤት አስገባው፣ አባዬ። ሰው ሬዲዮ የሚሰማው ቤቱ ነው።»

በሜክሲኮ በኩል ስመለስ መንገዱ ተጨናንቆ ነበር፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ባዶ ቀዳዳ ሳይ ቆየሁ። ሰኞ ባትሪ ሻጩ ጋ ሄጄ እሱንም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ደንበኞቹ ፊት። አዲስ ባትሪም እገዛለሁ፤ ከሱው።

አሁን ቤት ነኝ። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። ሬዲዮው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፣ ሽቦዎቹ ተንጨፍርረው። ፍሪጁ የነበረበት ቦታ አራት ማዕዘን ሆኖ ነጥቷል።

ሬዲዮውን በቤት መብራት እንዴት እንደማሠራው በደንብ አውቃለሁ። ሀያ ደቂቃ አይፈጅብኝም።

ግን ለሰላም ደውዬ «አቃተኝ፣ ነገ መጥተሽ ካላየሽልኝ» ልላት ነው።

እስቲ ፍረዱኝ፤ ይሄ ውሸት ይባላል?