የአማቴ ፍጹም ቅጣት ምት

የዘንድሮ ኳስ ተጫዋች ሲመሰገን ደማቸው የሚፈላ ሽማግሌዎች አላጋጠሟችሁም? እኔ አንዱን በጋብቻ አግኝቻለሁ። አማቴ አው ዩሱፍ ከከተማችን ግንብ በሮች አንዱ በሆነው በሸዋ በር አጠገብ ልብስ ይሰፋሉ። ልባቸውን ስለሚያማቸው ባለቤቴ፣ «አደራ፣ አባቴን ከኳስ ክርክር ጠብቅልኝ» ብላኛለች። ግን ማን ይችላቸዋል?

በቀደም ከቀትሩ የዙሁር ሰላት አብረን ስንመለስ፣ ፈላና በር አጠገብ ኳስ ከሚጫወቱት ወጣቶች አንዱ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ።

«በእኛ ጊዜ ይህን የሳተ ሰው ሰፈሩ አይገባም ነበር!» ብለው ጮኹ አማቴ።

«እስቲ እርስዎ ያሳዩን፣ አባባ!» አለ በረኛው እየሳቀ።

«ኧረ በአላህ፣ ልብዎን!» ብዬ እጃቸውን ብይዝ መንጭቀውኝ ሄዱ። ተንደርድረው እግራቸውን ሰነዘሩ፤ ወዲያው በጀርባቸው ተዘረሩ። ለባለቤቴ ምን ልላት ነው? ሮጬ ስደርስ ዓይናቸው ተከድኗል።

«አባ! ይሰማዎታል?»

ዱዓ ጀመርኩ። በመጨረሻ አንድ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው፣ «ገባ?» አሉኝ።

ቀና አልኩ። ኳሷ ከተቀመጠችበት ንቅንቅ አላለችም። ጎሉ ውስጥ የገባው ጫማቸው ነበር።

«አልሀምዱሊላህ፣ ገብቷል!» አልኩ።

አማቴ ፈገግ ብለው ዓይናቸውን መልሰው ጨፈኑ።

«አላልኩህም? የዛሬ በረኛ እኮ እንዲህ ነው።»