«ምን ይፈልጋሉ?»

«ምን ይፈልጋሉ?» ዛሬ የአስተናጋጅ ጥያቄ ነው። እርስዎም ተዝናንተው፣ የምግብ ዝርዝሩን አገላብጠው፣ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ የሚበሉትን ያዝዛሉ። በደርግ ዘመን ግን እንዲህ ብሎ የሚጠይቅዎ አብዛኛውን ጊዜ ጠመንጃ ያነገተ ሰው ነበር፤ ደህና መልሱም አንድ ብቻ ነበር። ምንም።

የእኔ መከራ እንጀራዬ በዚህ ጥያቄ ላይ መሆኑ ነው። የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊ ነኝ። በሙያችን አንድ መስመር ከመጻፉ በፊት ባለቤቱን ምን እንደሚፈልግ ጠይቆ መስማማት ግድ ነው፤ ነገሩን ከሥሩ ውሃውን ከጥሩ እንዲሉ። በዚያው በደርግ ዘመን ኮምቦልቻ ያለ አንድ ፋብሪካ ኮምፒዩተር ገዝቶ ለመለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ፕሮግራም እንድጽፍ ሲጠራኝ፣ መጀመሪያ የሄድኩት የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ወደሆኑት ወደ ጋሽ ሰይድ ነበር።

«ጋሽ ሰይድ፣ ይህ ማሽን ምን እንዲሠራልዎ ይፈልጋሉ?»

ተነሥተው በሩን ዘጉ። «እኔ? ወላሂ ምንም አልፈልግም! አንተ ልጅ፣ ማን ልኮህ ነው?»

እሳቸው እንቢ ሲሉኝ ስብሰባ አስጠራሁ። ከደሴ የመጣ ካድሬም ነበረበት። እኔ ሞኙ የተማርኩትን ሳልቆጥብ፣ «ፍላጎታችሁን ካልነገራችሁኝ ፕሮግራሙን በራሴ ሐሳብ ልጽፈው ነው» አልኩ። ይህ አንሶኝ፣ «መቼም ፕሮግራም ስህተት አያጣውም፤ ስንደርስበት እንለውጠዋለን» ብዬ ጨመርኩበት።

አዳራሹ ሁሉ ወደ ካድሬው ዞረ። በዚያ ዘመን አገሩ የሚያውቀው ፕሮግራም አንድ ነበር፤ እሱንም የጻፈው ፓርቲው ነው። ስህተት የለበትም። ካድሬው ቀና ብሎ አየኝና «ጓድ፣ ነገ ጠዋት ደሴ ቢሮዬ እንገናኝ» አለኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆነ።

በማግስቱ አውቶቡሱ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ ይወጣ ጀመር። ፈርቻለሁ፣ ምን እደብቃለሁ። ደሴ ተጠርቶ ያልተመለሰ ሰው አውቃለሁ፤ እሱ የተናገረው ደግሞ ከእኔ ያነሰ ነበር። አጠገቤ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? ማንም ሳይጠራቸው የመጡት ጋሽ ሰይድ! «አብሽር» አሉኝ፤ አይዞህ ማለታቸው ነው። እሳቸው ራሳቸው ግን እስከ ደሴ ድረስ ጸሎታቸውን አላቋረጡም።

ካድሬው ተቀመጡም አላለን።

«ፕሮግራም የሚጽፈው ማነው?»

«ፓርቲው ነው፣ ጓድ።»

«አንተስ የምትጽፈው?»

ጋሽ ሰይድ ጣልቃ ገቡ። «ብሎን ነው ጌታዬ... ጓዴ! ስንት ብሎን እንዳለን ብቻ ነው የሚጽፈው።»

ካድሬው ትንሽ አሰበ። በአብዮቱ ላይ የተነሣ ብሎን አላስታወሰም መሰለኝ፣ «ታዲያ ፕሮግራም ሳይሆን ብሎን በለው!» ብሎ አሰናበተን።

ቁልቁል ስንመለስ ጋሽ ሰይድ ግራ ቀኝ አይተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «የምፈልገውን ልንገርህ? ያለቀውን ዕቃ አልቋል ብሎ የሚናገርልኝ። እኔ ካልኩት አሻጥረኛ ይሉኛል፤ ልጆች አሉኝ።» እንዲህ ሆነን ተስማማን።

«ብሎን» ተጽፎ አለቀ፤ ካድሬውም ሊመርቅ መጣ። ማሽኑ ወረቀቱን እያንጫጫ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ይተፋ ጀመር። የካድሬው ፊት ጠቆረ።

«ማነው አልቋል ያለው?»

ጋሽ ሰይድ ጣታቸውን ወደ ማሽኑ ቀሰሩ። የእኔም ጣት ተከተለ።

በዚያው ዕለት ክፍሉ ታሽጎ በሩ ላይ ዘብ ቆመ። እኛ ወደ ቤታችን፣ ማሽኑ ወደ እስሩ። ድካሜ ቆጭቶኝ ስተክዝ ጋሽ ሰይድ ትከሻዬን መታ አደረጉኝ።

«አብሽር፤ እሱ ልጆች የሉትም።»